ማይግሬንን መረዳትና ማከም፦ የሠላሳ ቀን መዝገብ

መጀመሪያ የግድግዳ ካላንደርና እስክሪብቶ ፈልጉ። ካላንደሩ የኢትዮጵያ ቢሆን ይሻላል። ከጳጉሜ በቀር ወሮቹ ሁሉ እኩል ሠላሳ ቀን ስለሆኑ ለዚህ ሥራ ይመቻሉ። ለምን እንደሚያስፈልግ ትንሽ ቆይቶ ይገባችኋል።

አዳማ ውስጥ ሒሳብ አስተምራለሁ። ራሴን ማመም የጀመረኝ ገና ሃይስኩል እያለሁ ነው። እናቴ "ምች ነው" ብላ ዳማከሴ አሽታ ታስሸትተኝ ነበር። ግንባሬን በሻሽ ጠፍንጋ አስራ ጨለማ ክፍል ውስጥ ታስተኛኛለች። ዩኒቨርሲቲ ስገባ ደግሞ ክሊኒክ በሄድኩ ቁጥር "ታይፎይድና ታይፈስ ነው" እየተባልኩ በአንድ ዓመት ውስጥ አራት ጊዜ አንቲባዮቲክ ወሰድኩ። ትኩሳት ግን አንድም ቀን አልነበረኝም። ማይግሬን የሚለውን ቃል ከሐኪም አፍ የሰማሁት በ28 ዓመቴ ነው። እስከዚያ ድረስ ማስታገሻ በየቀኑ ማለት ይቻላል የምውጥ ሰው ሆኜ ነበር።

ሐኪም አይደለሁም። ግን ያኔ አንድ ሰው ቁጭ አድርጎ እንዲህ ደረጃ በደረጃ ቢያስረዳኝ ኖሮ ብዙ ዓመት ይተርፈኝ ነበር።

ደረጃ 1፦ ማይግሬን መሆኑን ለዩ

ማይግሬን በደም ምርመራ ወይም በራጅ አይታወቅም። ሐኪም የሚለየው በመጠየቅና በመመርመር ነው። ጥያቄዎቹን ራሳችሁም ልትመልሷቸው ትችላላችሁ።

መድኃኒት ካልወሰዳችሁ ሕመሙ ከ4 እስከ 72 ሰዓት ይቆያል? ከእነዚህ ከአራቱ ቢያንስ ሁለቱ አሉ፦ በአንድ ወገን ማመም፣ እንደ ልብ ምት ድው ድው ማለት፣ ሥራ የሚያስፈታ ክብደት፣ ደረጃ ሲወጡ ወይም ሲራመዱ መባስ? ከዚህ ጋር ማቅለሽለሽ ወይም ማስመለስ አለ? እሱ ከሌለ ብርሃንም ድምፅም አብረው ያስጠሏችኋል? እንዲህ ያለው ሕመም ቢያንስ አምስት ጊዜ ከተመላለሰባችሁና ሌላ ምክንያት ካልተገኘለት ማይግሬን የመሆን ዕድሉ ሰፊ ነው።

ቃሉ ከግሪክኛ የመጣ ሲሆን "ግማሽ ራስ ቅል" ማለት ነው። ስሙ እንዲህ ይሁን እንጂ ሁለቱንም ወገን የሚያመው ሰው ብዙ ነው። ስለዚህ "እኔን ሙሉውን ስለሚያመኝ ማይግሬን አይደለም" አትበሉ።

ብዙ ጊዜ ከሦስት ነገሮች ጋር ይምታታል። አንደኛው የውጥረት ራስ ምታት ነው። እሱ እንደ ጠባብ ኮፍያ ዙሪያውን ጭምቅ ያደርጋል፤ ግን አያስመልስም፣ ሥራም አያስተውም። ሁለተኛው ሳይነስ ነው። ማይግሬን ራሱ አፍንጫ ሊያፍንና ዓይን ሊያስነባ ስለሚችል "ሳይነስ አለብኝ" ከሚሉት ውስጥ ብዙዎቹ ማይግሬን ያለባቸው ናቸው። ሦስተኛው የእኔው ታሪክ ነው፣ ታይፎይድ። ቪዳል የሚባለው የደም ምርመራ ከዚህ በፊት በነበረ ኢንፌክሽን ምክንያትም "አለ" ሊል ይችላል። ትኩሳት ሳይኖራችሁ በዚህ ምርመራ ብቻ ደጋግማችሁ አንቲባዮቲክ ከታዘዘላችሁ ሌላ ሐኪም ጠይቁ። ትኩሳት ካለ ግን ነገሩ ሌላ ነው። አዳማና ወንጂ አካባቢ ወባ አለ። ራስ ምታትና ትኩሳት አብረው ከመጡ ማይግሬን ብላችሁ አትተኙ፤ በዚያው ቀን ደም ተመርመሩ።

ማይግሬን እንዲሁ በድንገት ዱብ አይልም። ብዙ ሰው ላይ ከአንድ ቀን በፊት ምልክት ይሰጣል። ያዛጋል፣ አንገት ይይዛል፣ ያነጫንጫል፣ ጣፋጭ ያምራል፣ ሽንት ያመላልሳል። ሕመሙ ካለፈ በኋላም አንድ ቀን ሰውነት ዝልፍልፍ ብሎ፣ ሐሳብ መሰብሰብ አቅቶት ይውላል።

ከሦስት ወይም ከአራት ሕመምተኞች አንዱ ላይ ደግሞ ኦራ የሚባል ነገር ይመጣል። እኔ መጀመሪያ ያየሁት ክፍል ውስጥ ሳስተምር ነው። ሰሌዳው ላይ ከጻፍኩት ቁጥር መሃሉ ጠፋብኝ። ከዚያ በጠፋው ዙሪያ እንደ መጋዝ ጥርስ የሾለ፣ የሚብለጨለጭ መስመር ወጣ። ቀስ እያለ እየሰፋ ወደ ጎን ሄደና በሃያ አምስት ደቂቃ ውስጥ ጠፋ። ዓይኔ የጠፋ መስሎኝ ተማሪዎቹ ፊት አለቀስኩ። ኦራ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 60 ደቂቃ ይቆያል። አንዳንድ ሰው ላይ እጅንና ከንፈርን እየወረረ ያደነዝዛል፣ አንደበትም ያስራል። ዋናው መለያው ቀስ እያለ መስፋፋቱ ነው። ስትሮክ ግን በአንድ ጊዜ ነው የሚመታው። እንዲህ ያለ ነገር ለመጀመሪያ ጊዜ ከደረሰባችሁ ራሳችሁ አትፍረዱ፤ ሐኪም ይየው።

ከሚከተሉት አንዱ ካለ ደግሞ ይህን ጽሑፍ ተዉትና አሁኑኑ ሆስፒታል ሂዱ፦

- በሰከንዶች ውስጥ ጣሪያ የነካ፣ በሕይወታችሁ አይታችሁት የማታውቁት ሕመም
- ትኩሳት ከአንገት ድርቀት ጋር
- የአንድ ወገን መዛል፣ የአፍ መጣመም፣ የንግግር መተሳሰር፣ መንቀጥቀጥ ወይም ግራ መጋባት
- ጭንቅላት ከተመታ በኋላ የመጣ ራስ ምታት
- ከ50 ዓመት በኋላ እንደ አዲስ የጀመረ
- እርግዝና ከ5 ወር ካለፈ በኋላ፣ ወይም በወለዱ ሰሞን፣ ከዓይን ብዥታ፣ ከፊት እብጠት ወይም ከደም ግፊት ጋር የመጣ
- ኤችአይቪ ወይም ካንሰር ባለበት ሰው ላይ አዲስ የመጣ ራስ ምታት

ደረጃ 2፦ ራሳችሁ ውስጥ ምን እየሆነ እንደሆነ እወቁ

ይህን እውቀት አትዝለሉት። እኔን ከጥፋተኝነት ስሜት ያወጣኝ እሱ ነው። ለዓመታት "ስለምትጨነቂ ነው"፣ "ብዙ ስለምታስቢ ነው" ስባል ኖሬያለሁ። ማይግሬን ግን የአንጎልና የነርቭ በሽታ ነው። በዘርም ይወርዳል። እናቴ ወጣት ሳለች "ራስ ፍልጠት" እያለች ሁለት ቀን ትተኛ እንደነበር የሰማሁት እኔ ከታወቀልኝ በኋላ ነው።

የማይግሬን ባለቤት አንጎል ለለውጥ ስስ ነው። ረሃብ፣ እንቅልፍ ማጣት፣ የሆርሞን መውረድ፣ ኃይለኛ ብርሃን፣ ሌላው ሰው ሳያስተውለው የሚያልፈው ነገር ሁሉ ይገፋዋል። ግፊቱ ልክ ሲያልፍ ፊትንና ራስን የሚያገለግለው ትልቁ ነርቭ፣ ትራይጀሚናል የሚባለው፣ ይነቃል። አንጎል ራሱ ሕመም አይሰማውም። ሕመም የሚሰማቸው አንጎልን የሸፈኑት ስሶች ልባሶችና የደም ሥሮቻቸው ናቸው። ነርቩ እዚያ ላይ ሲጂአርፒ የሚባል ንጥረ ነገር ይረጫል። የደም ሥሮቹ ይሰፋሉ፣ አካባቢው ይቆጣል፣ ምልክቱ ወደ አንጎል ይመለሳል። ድው ድው የሚለው ያ ነው። ዱሮ ነገሩ ሁሉ የደም ሥር መስፋት ብቻ ይመስላቸው ነበር። አሁን መነሻው ነርቩና አንጎሉ እንደሆነ ይታወቃል።

ስለ ኦራ ደግሞ የምወደው ታሪክ አለ። አሜሪካዊው የአንጎል ተመራማሪ ካርል ላሽሊ እሱም ኦራ ነበረበት። ሲመጣበት የጠፋበትን ቦታና የሚብለጨለጨውን መስመር በየጊዜው ወረቀት ላይ ይስል ነበር። ከዚያ አስልቶ፣ አንድ ነገር በአንጎሉ የእይታ ክፍል ላይ በደቂቃ 3 ሚሊሜትር ገደማ እየተጓዘ ነው አለ። ያሳተመው እ.ኤ.አ. በ1941 ነው። በ1944 ብራዚላዊው አሪስቲዴስ ሌኣዎ በእንስሳት አንጎል ላይ በዚያው ፍጥነት ገደማ የሚጓዝ የመነቃቃትና የመዳከም ሞገድ አገኘ። ዛሬ የኦራ ምንጭ ይህ ሞገድ እንደሆነ ይታመናል። አንድ ሰው የራሱን ሕመም በእርጋታ ስለቆጠረ ነው ነገሩ የተገለጠው።

ደረጃ 3፦ ሠላሳውን ቀን መዝግቡ

አሁን ካላንደሩን አውጡ። ራስ ምታት ባለበት ቀን ክብ አድርጉ። ማስታገሻ የወሰዳችሁበት ቀን ላይ በክቡ ውስጥ መስቀል አድርጉ። ሴቶች የወር አበባ የጀመረበትን ቀን በነጥብ አሳዩ። በቃ። መጀመሪያ ላይ ብዙ ለመጻፍ የሚሞክር ሰው በሳምንቱ ይተወዋል።

ወሩ ሲያልቅ ሁለት ቁጥር ይኖራችኋል፦ ያመማችሁ ቀን ብዛትና ኪኒን የወሰዳችሁበት ቀን ብዛት። ከእነዚህ ሁለት ቁጥሮች በላይ ሐኪሙን የሚረዳው ነገር የለም። "አልፎ አልፎ ያመኛል" ማለትና "ከሠላሳው ቀን አሥራ አንዱን አሞኛል፣ ዘጠኝ ቀን ኪኒን ወስጃለሁ" ማለት በጣም ይለያያል። የእኔ የመጀመሪያ ወር ሃያ ስድስት ክብና ሃያ ሁለት መስቀል ነበረው። እስከዚያ ቀን ድረስ "በሳምንት አንዴ ሁለቴ" ብዬ ነበር የማወራው። ውሸት እያወራሁ አልነበረም። ሰው የራሱን ሕመም ይረሳል።

ሁለተኛው ወር ላይ ከክቡ አጠገብ አንድ ሁለት ቃል ጨምሩ። "ምሳ አልበላሁም"፣ "ሠርግ አመሸሁ"፣ "ቡና ዘገየ" የሚል።

ደረጃ 4፦ ቀስቃሾቻችሁን ፈልጉ

ቀስቃሽ መንስኤ አይደለም። መንስኤው ስስ የሆነው አንጎል ነው። ቀስቃሽ የሚባለው በር የሚከፍተው ነገር ነው፤ አብዛኛውን ጊዜም አንዱ ብቻውን አይበቃም። እንቅልፍ ሳትተኙ አድራችሁ፣ ቁርስ ትታችሁ፣ የአዳማ ፀሐይ ላይ ከወጣችሁ ግን ሦስቱ ተደምረው ያስነሱታል።

እዚህ አገር ከሁሉ በላይ የማያቸው ምግብ መዝለልና ቡና ናቸው።

ከቡና ልጀምር። ካፌይን ራስ ምታትን ያስታግሳል፣ ማስታገሻንም ያጠናክራል። ችግሩ የለመደው አንጎል ሲቀርበት ነው። ከመጨረሻው ስኒ በኋላ ከ12 እስከ 24 ሰዓት ውስጥ ራስ ምታቱ ይጀምራል። "ቡና ካልጠጣሁ ራሴን ያመኛል" የሚለው ሰው ሁሉ እየነገረን ያለው ይህንን ነው። የእኔ ማይግሬን ቅዳሜ ቅዳሜ ይነሳ ነበር። በሥራ ቀን ጠዋት 1 ሰዓት ላይ እጠጣለሁ። ቅዳሜ እስከ 4 ሰዓት እተኛለሁ፣ ቡናው እስኪፈላ 5 ሰዓት ይሆናል። እንቅልፉም ተለወጠ፣ ቡናውም ዘገየ፣ የሳምንቱ ውጥረትም በአንዴ ረገበ። ሦስቱም ቀስቃሾች ናቸው። ቡና መተው የለባችሁም። መጠኑንና ሰዓቱን እኩል አድርጉት። ለምሳሌ ጠዋት አንድ፣ ከምሳ በኋላ አንድ። አቦል ቶና በረካ ብሎ ሦስቱንም መጨረስ፣ ከዚያ ሁለት ቀን ጭራሽ አለመጠጣት ነው የሚጎዳው። ዕጣኑ ደግሞ ራሱን የቻለ ቀስቃሽ ነው። ጎረቤት ቡና ስጠራ በር አጠገብ ነው የምቀመጠው። ምክንያቱን ስነግራቸው ማንም ቅር አላለውም።

ጾም ከዚህ ጋር ይገናኛል። እስከ 9 ሰዓት የሚጾም ሰው ምግብም ውኃም ቡናም በአንድ ላይ ነው የሚቀርበት። ሁዳዴ 55 ቀን ነው፤ ረመዳንም ወር ሙሉ ነው። የመጀመሪያዎቹ ቀናት በተለይ ይከብዳሉ። ከጾሙ ሁለት ሳምንት አስቀድማችሁ ቡናውን ቀስ በቀስ ቀንሱ። በቀን ሦስት ስኒ ከነበረ በየሦስት አራት ቀኑ ግማሽ ስኒ እያጎደላችሁ ውረዱ። በሱሁር ወይም ከጾሙ በፊት ባለው ማታ ቶሎ የማይፈጭ ምግብ ብሉ፤ ሽሮ፣ ምስር፣ ቆሎ ጥሩ ነው። ውኃ በደንብ ጠጡ። በየቀኑ መድኃኒት የምትወስዱ ከሆነ ሰዓቱን እንዲያስተካክልላችሁ ሐኪሙን ቀድማችሁ ጠይቁ። ሕመሙ ከጠናባችሁ ደግሞ ለንስሐ አባታችሁ ወይም ለምታምኑት የሃይማኖት አዋቂ በግልጽ ንገሩ። በእስልምና የታመመ ሰው ጾሙን በሌላ ቀን እንዲያካክስ ተፈቅዶለታል። በኦርቶዶክስም ንስሐ አባት ለታመመ ሰው ያቃልላል። እኔ ሳልጠይቅ ስንት ዓመት ዝም ብዬ ተሰቃይቻለሁ።

ሙቀቱ ሌላው ነው። አዳማ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ ናት። ከመጋቢት እስከ ግንቦት ያለው ፀሐይና በነፋስ የሚነሳው አቧራ ለጤነኛም ይከብዳል። ባርኔጣ፣ መነጽርና የውኃ ጠርሙስ ከቤት ሳትይዙ አትውጡ። የቆርቆሮ ጣሪያ ነጸብራቅ በመስኮት የሚገባበት ክፍል ካላችሁ መጋረጃ ስቀሉ።

ጫት የሚቅሙ ሰዎች ደግሞ እንቅልፉም፣ ምግቡም፣ ውኃውም አብሮ ይዛባባቸዋል። መጠጥም እንዲሁ ያስነሳል። ሴቶች ላይ ከወር አበባ በፊት ያሉት ሁለት ቀናትና የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት ከባድ ናቸው። ኤስትሮጅን የሚባለው ሆርሞን በድንገት ስለሚወርድ ነው። ለአቅመ ሔዋን ከደረሱ በኋላ ማይግሬን ሴቶች ላይ ከወንዶች ሁለት ሦስት እጥፍ የሚበዛውም በዋናነት በዚህ የተነሳ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ። "ቸኮሌት በላሁና ተነሳብኝ" የሚል ሰው ብዙ ነው። ከሕመሙ በፊት ባለው ቀን ጣፋጭ እንደሚያምር ነግሬያችኋለሁ። ስለዚህ ማማሩ ራሱ ማይግሬኑ መጀመሩን እየነገራችሁ ሊሆን ይችላል። ምግብ ከመከልከላችሁ በፊት ካላንደሩ ላይ ሦስት አራት ጊዜ ተደግሞ እዩት። ይህንንም ያንንም እየተዉ ሰውነታቸውን የጎዱ ሰዎች አውቃለሁ።

ደረጃ 5፦ ሲነሳ ቶሎ ያዙት

ትልቁ ስሕተት "እስኪ ልታገሰው" ማለት ነው። ማይግሬን ሲነሳ ጨጓራ ሥራውን ያዘገያል። የዘገየ ኪኒን ሆድ ውስጥ ተቀምጦ ይቀራል፣ ወይም በትውከት ይወጣል። ሕመሙ ገና ቀላል ሳለ፣ በመጀመሪያው ግማሽ ሰዓት ውስጥ፣ በቂ መጠን ውሰዱ።

ለአዋቂ ሰው በቂ የሚባለው አይቡፕሮፌን 400 ሚሊግራም፣ ወይም ፓራሲታሞል 1 ግራም፣ ማለትም ባለ 500ው ሁለት ኪኒን፣ ወይም አስፕሪን 900 ሚሊግራም ነው። አንዷን ፓራሲታሞል ውጦ "አልሠራልኝም" ማለት ልክ አይደለም። ፓራሲታሞል በ24 ሰዓት ከ4 ግራም ማለፍ የለበትም፤ ጉበት ይጎዳል። የጉበት ችግር ያለበት ወይም ብዙ የሚጠጣ ሰው ግን ልኩን ከሐኪም ይጠይቅ። አይቡፕሮፌን፣ አስፕሪንና ዳይክሎፌናክ ጨጓራ ቁስለት ወይም የኩላሊት ሕመም ላለበት አይሆኑም። ነፍሰ ጡርም ሐኪም ሳይፈቅድ አትውሰዳቸው፤ ለእሷ ፓራሲታሞል ይሻላል። አስፕሪን ከ16 ዓመት በታች ላለ ልጅ አይሰጥም። ጨጓራ አለብኝ የምትሉ ሁሉ ይህን ለመድኃኒት ቤቱ ባለሙያ ቀድማችሁ ንገሩ።

የሚያስመልሳችሁ ከሆነ ሜቶክሎፕራማይድ ይታዘዝላችኋል። ማቅለሽለሹን ያስቆማል፤ ሆድንም ስለሚያነቃቃ ኪኒኑ ቶሎ እንዲሠራ ያግዛል።

እነዚህ ሁለት ሦስት ጊዜ ተሞክረው ካልሠሩ ትሪፕታን የሚባሉ ለማይግሬን ብቻ የተሠሩ መድኃኒቶች አሉ። የታወቀው ሱማትሪፕታን ነው፤ 50 ሚሊግራም ይጀመራል። ተሽሏችሁ ተመልሶ ከመጣ ከሁለት ሰዓት በኋላ አንድ መድገም ይቻላል። ሁሉም መድኃኒት ቤት ላይ ላይገኝ ስለሚችል ሳያማችሁ አስቀድማችሁ ፈልጉት። የልብ ሕመም፣ ስትሮክ ወይም ያልተስተካከለ የደም ግፊት ያለበት ሰው አይወስደውም።

ኤርጎታሚን ዱሮም የነበረ ነው፤ ዛሬም ይታዘዛል። ግን ጥንቃቄ ይፈልጋል። ለነፍሰ ጡር ክልክል ነው። ከሱማትሪፕታን ጋር በአንድ ቀን አይወሰድም። ሪቶናቪር ካለበት የኤችአይቪ መድኃኒት፣ ከኤሪትሮማይሲን ወይም ከክላሪትሮማይሲን ጋር ከተገናኘ የእጅና የእግር ደም ሥር ሊዘጋ ይችላል። የምትወስዱትን መድኃኒት ሁሉ ለሐኪሙ አትደብቁ። ትራማዶል የሚባለውን ጠንካራ ማስታገሻ ለማይግሬን አልመክርም። ሱስ ያስይዛል፣ ማቅለሽለሹንም ያብሳል።

ከመድኃኒቱ ጋር ጨለማና ጸጥ ያለ ክፍል ውስጥ ተኙ። በቀዝቃዛ ውኃ የራሰ ጨርቅ ግንባር ላይ አድርጉ። የእናቴ ሻሽም ለብዙ ሰው እውነተኛ እፎይታ ይሰጣል። ዳማከሴውንም ጸበሉንም ለምትፈልጉ አልከለክልም። ኪኒኑን ግን አያዘግዩባችሁ።

ደረጃ 6፦ መስቀሎቹን ቁጠሩ

ይህን ክፍል ሁለቴ አንብቡልኝ።

ማስታገሻ ሲበዛ ራሱ ራስ ምታት ያመጣል። ፓራሲታሞል፣ አይቡፕሮፌንና ዳይክሎፌናክ በወር 15 ቀንና ከዚያ በላይ፣ ለሦስት ወር ከዘለለ፣ የአደጋው መስመር ነው። በሠላሳ ቀን ካላንደር ልክ ግማሹ ማለት ነው። ትሪፕታን፣ ኤርጎታሚን፣ ትራማዶልና ካፌይን የተቀላቀለባቸው ማስታገሻዎች ደግሞ መስመራቸው 10 ቀን ነው። የሚቆጠረው የኪኒኑ ብዛት ሳይሆን የቀኑ ብዛት ነው። በአንድ ቀን ሁለቴ በቂ መጠን መውሰድ፣ በየቀኑ ግማሽ ግማሽ ከመውሰድ ይሻላል።

እኔ ሃያ ሁለት ላይ ነበርኩ። ኪኒን ሳይኖር ከቤት መውጣት ያስፈራኝ ነበር። ጠዋት ስነቃ ራሴን ያመኛል፣ እውጣለሁ፣ ለጥቂት ሰዓት ይተወኛል፣ ደግሞ ይመጣል። ሐኪሙ "ኪኒኑ ነው የሚያሳምምሽ" ሲለኝ ተናድጄ ነበር። በክረምቱ ዕረፍት አቆምኩ። የመጀመሪያው ሳምንት ከባድ ነበር። አልቅሻለሁ፣ አስመልሶኛል፣ እህቴ ናት ያስታመመችኝ። በአሥረኛው ቀን ገደማ ጠዋት ነቅቼ ራሴ ዝም ብሎ አገኘሁት። ከስንት ዓመት በኋላ።

ማቆም ከፈለጋችሁ ሥራ የማይበዛበትን ሳምንት ምረጡና ለቤተሰብ አስቀድማችሁ ንገሩ። ትራማዶል ወይም የእንቅልፍ መድኃኒት የለመደ ሰው ግን በአንዴ ማቆም የለበትም። ያ በሐኪም ክትትል ቀስ እየተባለ ይወርዳል። ከዚያ በኋላ ልካችሁ በሳምንት ሁለት ቀን ይሁን።

ደረጃ 7፦ የመከላከያ መድኃኒት ጠይቁ

በወር አራት ቀንና ከዚያ በላይ ሥራ የሚያስፈታ ሕመም ካላችሁ በየቀኑ የሚወሰድ መከላከያ አለ። ብዙ ሰው ስለማያውቀው አይጠይቅም። ዋጋቸውም ከባድ ያልሆነ አሉ።

ፕሮፕራኖሎል የደም ግፊትና የልብ መድኃኒት ነው። አስም ላለበት ክልክል ነው። በአንዴም አይቋረጥም። አሚትሪፕቲሊን በትንሹ፣ ከ10 ወይም ከ25 ሚሊግራም፣ ማታ ማታ ይጀመራል። እንቅልፍ ለሚያጣ ሰው ጥሩ ነው፤ አፍ ያደርቃል፣ ክብደት ሊጨምር ይችላል። "የድብርት መድኃኒት ነው" ተብሎ ስለሚታወቅ ሰዎች ወረቀቱን አንብበው ይደነግጣሉ። በዚህ ትንሽ መጠን የሚሰጠው ለነርቭ ሕመም ነው። ቶፒራሜትና ቫልፕሮኤት የሚጥል በሽታ መድኃኒቶች ናቸው፤ ለማይግሬንም ይሠራሉ። ፅንስን ስለሚጎዱ ግን ልጅ ልትወልድ የምትችል ሴት፣ ቫልፕሮኤትን በተለይ፣ መውሰድ የለባትም። ሲጂአርፒን የሚያግዱ በወር አንዴ የሚወጉ መርፌዎች እ.ኤ.አ. ከ2018 ጀምሮ በሌላው ዓለም አሉ። በጣም ውድ ናቸው።

እነዚህ መድኃኒቶች በሳምንት አይፈረድባቸውም። ልክ የሆነው መጠን ላይ ከደረሳችሁ በኋላ ከ8 እስከ 12 ሳምንት ስጧቸው። ግቡም ሕመሙን ዜሮ ማድረግ አይደለም። ያመማችሁ ቀን በግማሽ ከቀነሰ መድኃኒቱ ሠርቷል ማለት ነው። የእኔ ከሃያ ስድስት ወደ አራት ወርዷል። ከስድስት ወር እስከ አንድ ዓመት ጥሩ ከቆየ ሐኪሙ ቀስ አድርጎ ሊቀንሰው ይችላል።

ደረጃ 8፦ ሐኪም ጋር ስትገቡ

ካላንደሩን ይዛችሁ ግቡ። እስካሁን የወሰዳችሁትን መድኃኒት ስምና መጠን በአንድ ወረቀት ጻፉ፤ ማሸጊያውን ፎቶ ማንሳትም ይበቃል። የደም ግፊት አስለኩ። ጤና ጣቢያ መጀመር ትችላላችሁ፤ ነገሩ ከከበደ ወደ ሆስፒታል፣ ካስፈለገም ወደ ነርቭ ስፔሻሊስት ይልኳችኋል።

ሲቲ ስካን ወይም ኤም አር አይ ካልተነሳሁ ብላችሁ አትጨነቁ። ምልክቱ የማይግሬን ከሆነ፣ ምርመራው ጤነኛ ከሆነና ደረጃ 1 ላይ የዘረዘርኳቸው አደገኛ ምልክቶች ከሌሉ አብዛኛውን ጊዜ አያስፈልግም። ያ ገንዘብ ለወራት መድኃኒት ይበቃል።

ሴቶች፣ ኦራ ካላችሁ ለቤተሰብ ምጣኔ ባለሙያዋ ሳትነግሩ አትመለሱ። ኤስትሮጅን ያለበት የወሊድ መከላከያ ኪኒን ከኦራ ጋር ሲሆን የስትሮክ አደጋን ይጨምራል። በክንድ የሚቀበረው፣ በየሦስት ወሩ የሚወጋው ወይም ሉፕ ኤስትሮጅን የለባቸውም።

ልጆችም ማይግሬን አለባቸው። ልጅ ላይ አጠር ይላል፣ ሁለት ሰዓት ብቻ ሊቆይ ይችላል። ግንባሩን በሙሉ ያማል፣ አንዳንዴ ከራስ ይልቅ ሆድ ነው የሚያመው። ክፍል ውስጥ ፊቱ ገርጥቶ ዴስክ ላይ የሚተኛ ተማሪ ሳይ ቁርስ በልቶ እንደሆነ ነው መጀመሪያ የምጠይቀው። ከዚያ ለወላጆቹ ካላንደር እንዲይዙለት እነግራቸዋለሁ።

ቤት ውስጥ ማይግሬን ያለበት ሰው ላላችሁ ደግሞ ይኸውላችሁ። ሲነሳበት ዕጣኑን አውጡ፣ ሽንኩርት ማቁላላቱን አቆዩት፣ ቴሌቪዥኑን ዝቅ አድርጉ። ውኃና ሳፋ አጠገቡ አስቀምጡ። "አሁንስ እንዴት ነህ?" እያላችሁ አትመላለሱ፤ መመለስም ያማል። በሩን ገርበብ አድርጋችሁ ውጡና ከሁለት ሰዓት በኋላ በቀስታ ገብታችሁ እዩት።